ለገዢ ያልታየው ጓዳ

ወይዘሮ ፋና የሞቱት ቤታቸው ከተሠራ ጀምሮ እንደዚያ አምሮ በማያውቅበት ቅዳሜ ነው። ግድግዳው እንደገና ተመርጓል፤ ሳሎኑ ቅጠልያ ቀለም ተቀብቷል፤ ወለሉ ላይ አበባ የፈሰሰበት የፕላስቲክ ምንጣፍ ተነጥፏል። ሶፋው ከአንድ ጎረቤት፣ የግድግዳ ሰዓቱ ከሌላ ጎረቤት የተዋሱት ነው። ሰዓቱ አይሠራም፤ ግን ሰዓት ሊጠይቅ የሚመጣ ቤት ገዢ የት አለ? የሚሸጥ ቤት እንደሚዳር ልጅ ነው፤ የሰው ጌጥ ሁሉ ይደረብለታል፣ ጉድለቱም ከእንግዳ ዓይን ይሰወራል። በዚህ ቤት ጉድለት ተብለው የተሰወሩት ባለቤቲቱ ነበሩ።

ነገሩ የሆነው እንጅባራ ላይ፣ በ2008 ዓ.ም. ጥቅምት መግቢያ፣ ክረምቱ አንድ እግሩን ደጅ አድርጎ ሌላውን አልነቅልም ባለበት ሰሞን ነው። ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ዋጋዬ የምትባል ሴት ነጠላዋን እየጎተተች ፖሊስ ጣቢያ ገባች። ዋጋዬ ወይዘሮ ፋናን ሁለት ዓመት ያስታመመች የዘንገና ባላገር ናት፤ ባሏ ሞቶባት፣ ሁለት ልጆቿን እናቷ ዘንድ ትታ፣ በዚሁ ደመወዝ የምታሳድግ።

«እትዬ ፋና ሞቱ፤ ነገ ሊቀብሯቸው ነው» አለች። «ግን ከንፈራቸው እንደ ሙሽራ ከንፈር ቀልቷል። እኔ ብዙ ሬሳ አይቻለሁ፤ ሬሳ እንዲህ አይቀላም።»

ይህን የሰማችው ኢንስፔክተር እህተማርያም ነበረች። እህተማርያም የዳንግላ ልጅ ናት፤ አርባ ሁለት ዓመቷ፣ ቀጭን፣ ምላሷ የማይመች፣ ኪሷ ከገብስ ቆሎ ተለይቶ የማያውቅ። ባልደረቦቿ ሰው ሲዋሽላት ትቆረጥማለች፣ እውነት ሲነግራት ታቆማለች ይሏታል። ሬሳው ወደ ሆስፒታል እንዲሄድ አደረገች። ሐኪሙ ብዙ አላወራም፤ አሮጊቷን የገደላቸው በተዘጋ ክፍል የታመቀ የከሰል አየር ነው አለ።

ቤተሰቡ ይህን ሲሰማ ባንድ ቃል ጣቱን ቀሰረ። ለአሮጊቷ ሁልጊዜ እሳት የምታስገባላቸው ማን ናት? ዋጋዬ። የአብዬን ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኸው ነው። ቅዳሜ ከሳሽ የነበረችው ሴት እሑድ ጠዋት ተከሳሽ ሆና ከብረት በሩ ኋላ ተቀምጣ ነበር።

የጣቢያው አዛዥ ነገሩ እንዲጎተት አልፈለገም። ዋጋዬ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ፍርድ ቤት እንደምትቀርብ፣ እስከዚያ ሌላ ነገር ካልተገኘ መዝገቡ በእሷ ላይ እንደሚከፈት ለእህተማርያም ነገራት። እህተማርያምም ዋጋዬ ጥፋተኛ ብትሆን ኖሮ ሊቀበር የተዘጋጀ ሬሳ ለምን ታስቆማለች ብላ ጠየቀችው። ሞኝ ስለሆነች አለ አዛዡ። እህተማርያም ቆሎ ዘገነችና ወጣች። ልቧ ግን ተቃጥሏል፤ ሞኝ ነው ተብሎ ሰው ሲታሰር ስንት ጊዜ አይታለች!

የወይዘሮ ፋና ጓዳ ሦስት እርምጃ በአራት ነው። አንዲቱ መስኮት ቀለም እንዳይነካት በፕላስቲክ ተሸፍና ዙሪያዋን በምስማር ተመትታለች፤ የሚነቅላት ሰው አላገኘችም። ግድግዳው ሐሙስ የተመረገ ስለሆነ የጭቃውና የጭዱ ሽታ አልለቀቀውም። አልጋው ከበሩ ርቆ በላይኛው ጥግ ነው። ከራስጌው ሥር የከሰል ምድጃ ተቀምጧል፤ ምድጃው ውስጥ ነጭ አመድ ብቻ ቀርቷል።

እህተማርያም ግድግዳውን በመዳፏ እየዳበሰች ዞረች። በአልጋው በኩል ቀዝቃዛ ነው፤ እጇ ላይ ጭቃ ተወባት። በሩ አጠገብ ስትደርስ ግን ከወለሉ እስከ ጉልበቷ ድረስ ደርቆ ነጥቶ፣ ተሰነጣጥቆ አገኘችው። ቤቱን የመረገውን ደጉን አስጠራች።

ደጉ ስንጥቁን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። «ይሄ የኔ ሥራ አይደለም፣ እህቴ። እሳት ነው የሰነጠቀው። ምርግ በነፋስ ነው የሚደርቅ፤ በእሳት ላድርቅህ ካሉት እንዲህ ይፈነዳል። ሐሙስ ዕለት ለቤቱ ሰው ሁሉ ነግሬያለሁ፤ ግድግዳው ሳይጠና እሳት እንዳታስገቡ፣ ብርድ ከሆነ ብርድ ልብስ ደርቡላቸው ብዬ።»

«ዋጋዬስ ሰምታለች?»

«እሷማ ያኔውኑ ምድጃውን ተሸክማ ወደ ማድ ቤት መለሰችው።»

ደጉ ቅዳሜም መጥቶ ነበር። ሦስት ሰዓት ላይ የቀረ ዕቃውን ሊያነሳ ጓዳ ሲገባ አሮጊቷ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው አገኛቸው፤ መርቀውታል። ያን ጊዜ በጓዳው ውስጥ እሳት አልነበረም። ዋጋዬን ግን አላያትም።

እህተማርያም ወደ ሳሎን ስትወጣ ዓይኗ አዲሱ ምንጣፍ ላይ ወደቀ። ከጓዳው በር ፊት ለፊት አራት ጎድጓዳ ምልክቶች አሉ፤ ከባድ ነገር ተጭኖባቸው የነበረ። ከማዶው ግድግዳ ደግሞ ብርጭቆና ሰሐን የሞላበት ትልቅ ቡፌ ቆሟል። በምልክቶቹ መካከል ያለውን በስንዝር ለካች፤ ሄዳ የቡፌውን እግሮች ለካች። ልክ ለልክ ነው።

ቀብሩ ስድስት ሰዓት ላይ ተፈጸመ። እህተማርያም ከድንኳኑ አንድ አንድ እያለች የቤቱን ሰዎች ጠራች። መጀመሪያ የገባው የወይዘሮ ፋና የበኩር ልጅ ይሄነው ነው፤ ጣውላ ነጋዴ፣ ትከሻው በሩን የሚሞላ ሰው። የቤቱ ግማሽ የእናቱ ስለሆነ ያለ እሳቸው አሻራ ሊሸጥ እንደማይችል፣ እሳቸውም ራሳቸውን ነቅንቀው እሺ እንዳሉ፣ ሰኞ ማዘጋጃ ቤት ወስዶ ሊያስፈርማቸው እንደነበረ አስረዳ። ስለ ቡፌው ስትጠይቀው ከጥንትም ቦታው ከማዶ ነው አለ። እህተማርያም ቆሎዋን ትቆረጥም ነበር።

ቡፌውን ያወጣችው ታናሽ እህቱ ሀይማኖት ናት። ሀይማኖት ደብረ ማርቆስ አክስቷ ቤት አድጋ አሁን ዳንግላ የምታስተምር፣ ለሽያጩ ስትል የመጣች ሴት ናት። ገና «ቡፌው» ስትባል አለቀሰች።

«ዓርብ ማታ ውብአየሁ ያመጣችው ሐሳብ ነው» አለች። ውብአየሁ የይሄነው ሚስት ናት። «ጓዳው አልደረቀም፤ ገዢው እርጥብ ግድግዳና የታመመ ሰው ካየ ይሸሻል። ቡፌውን በሩ ላይ ብናቆመው ጓዳ መኖሩንም አያውቅም አለች። እማዬስ ስል፣ ትተኛለች አሉኝ። እሺ አልኩ።»

«ገዢው ስንት ሰዓት ቆየ?»

«ከአራት እስከ አምስት ተኩል። ከዚያ ነገሩን ለማሞቅ አብረን ሥጋ ቤት ሄድን።»

«ቡፌውን ሳታነሱ?»

«ሰውየው ቸኩሎ ነበር። ስምንት ሰዓት ላይ ተመለስን።»

እህተማርያም ቆሎዋን ወደ ኪሷ መለሰች። ሰው በገዛ እናቱ ላይ ቡፌ ገትሮ ጥሬ ሥጋ ሲቆርጥ ውሎ መምጣቱን በጆሮዋ ሰማች፤ የነገረቻትም እውነት ነው።

የቀረውን ይሄነው ራሱ ተጠርቶ አመነ። ሲመለሱ ዋጋዬ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ነበር። ውብአየሁ ጠዋት ለሳሎን ማሳመሪያ የቀርከሃ ወንበር ገዝታ እንድትመጣ ገበያ ልካት፣ ስትመለስ ቤቱን ተቆልፎ ስላገኘችው ትጠብቅ ነበር። ማድ ቤት እንድትገባ አዘዟትና ቡፌውን አነሱ። በሩን ሲከፍት ምድጃው እግሩን መታው፤ እናቱ ሞተዋል። ነውሩን ለመደበቅ ስለ ቡፌው ላይናገሩ ተማማሉ። ምድጃውንም ሚስቱ «የወትሮ ቦታው ራስጌ ነው» ስላለችው ወደ ራስጌ ወሰደው። ያስገባችው ግን ዋጋዬ ለመሆኗ ይምላል።

ውብአየሁ የገባችው መጨረሻ ላይ ነው። ጥቁር ለብሳ እንኳ ያማረች ሴት ናት። ያን ቤት ያስጌጠችው እሷ ናት፤ መጋረጃውን የሰፋች፣ ሶፋውን የተዋሰች፣ ገዢውን ነጭ ቀሚስ ለብሳ የተቀበለች። እህተማርያም አማቷ ሲጣሩ ሰምታ እንደሆነ ጠየቀቻት።

«ድምፅ ሰምቼ ይሆናል። ምን እንዳሉ ግን በምን አውቄ?» አለች። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ወይዘሮ ፋና ከሁለት ዓመት በፊት ድንገት ወድቀው ሲነሱ እግራቸው ከድቷቸው፣ አማርኛው ጠፍቶባቸው፣ የተረፋቸው የልጅነት ቋንቋቸው አዊኛ ብቻ ነው። «እኔ የቡሬ ልጅ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እናትና ልጅ በአዊኛ ሲያወጉ መሐላቸው እንደ ጉቶ ነው የተቀመጥኩት።»

ሀይማኖትም ያው ናት፤ ደብረ ማርቆስ ያደገ ልጅ አዊኛ ከየት ያመጣል? ከእናቷ ጋር ሁለት ዓመት በእጅ ምልክት ነው የተነጋገሩት። በዚያ ቤት ቋንቋውን የሚያውቁት ይሄነውና ዋጋዬ ብቻ መሆናቸው ተነገራት።

እህተማርያም በሚኒባስ ጥሊሊ ወረደች። ገዢው አበረ ድንች ነጋዴ ነው፤ አማርኛ እንጂ ሌላ ቋንቋ የለውም። ሳሎን ቆሞ አንገቱን ወደ ኮርኒሱ አንጋጥጦ ሳለ ከግድግዳው ወዲያ የሴት ድምፅ እንደሰማ ነገራት። ምንድን ነው ሲል ይሄነው ጎረቤታችን ጥጃ እየጠራች ነው ብሎታል። ይሄነው ግቢውን ሊያሳየው ቀድሞ ሲወጣ ደግሞ ከኋላው፣ ከሳሎኑ ውስጥ፣ ሌላ የሴት ድምፅ በዚያው ቋንቋ ዝግ ብሎ መለሰ። ማን እንደሆነች አላየም። የወዲያኛው ድምፅ ከዚያ በኋላ አልተሰማም።

«ቃሉን ያስታውሱታል?»

«ገበያ ውስጥ በጆሮዬ ነው የምበላው፣ እህቴ» አለ አበረ። ትርጉሙን ሳያውቅ ጥሪውንም መልሱንም ደገመላት። እህተማርያምም ሳይገባት እንደ ሰማች በፊደል ጻፈችው።

አዛዡ ይህን ሲሰማ ደስ አለው። «ይኸው! በአዊኛ የመለሰች ሴት ካለች፣ በዚያ ቤት ውስጥ አዊኛ የምታውቅ ሴት አንዲት ናት። እሷም እዚህ ታስራለች። ገበያ ሄድኩ ማለቷን ማን አየላት? በቅዳሜ ገበያ ሰው ሰውን ያያል?» እህተማርያም ያመጣችው ማስረጃ የዋጋዬን ገመድ የሚያጠብቅ ሆኖ ቀረ።

ደብተሯን ይዛ ወደ ዋጋዬ ገባች። የጻፈችውን ስታነብላት ዋጋዬ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ የአሮጊቷ ቃል ነው። እሳቱ እንዲወጣላቸው ነው የሚለምኑት። መልሱ ደግሞ «ዝም በይ፤ አሁን ይበርዳል» ነው። ዋጋዬ ይህን ያለችው እሷ አለመሆኗን በልጆቿ ማለች።

«ተይ መሐላውን፤ እኔ ዳኛ አይደለሁም» አለቻት እህተማርያም። «ይልቅ ንገሪኝ፤ እትዬ ፋና በእውነት ቤቱን ለመሸጥ እሺ ብለው ነበር?»

ዋጋዬ አንገቷን ደፋች። «የለም። ዓርብ ከሰዓት ነው የነገሩኝ። ‹ራሴን የነቀነቅሁላቸው እንዲተዉኝ ነው። ገዢው ሲመጣ እጮሃለሁ፤ ቤቱ የኔ ነው፣ አልሸጥም እላለሁ፤ ሰው ይሰብሰብ› አሉኝ።»

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም። ይሄነው ለጣውላ ዳንግላ ሄዶ ነበር።»

«ሲነግሩሽ ማን ነበረ?»

«ውብአየሁ መጋረጃ ትተኩሳለች፣ ሀይማኖት የትራስ ልብስ ትሰፋለች። ግን እነሱ ቋንቋውን አይሰሙም።»

እህተማርያም ከተቀመጠችበት ተነሳች። እጇ ወደ ኪሷ አልሄደም። ኮንስታብል ደሴን ጠርታ ደጉን እንዲያመጣላት ላከችው፤ ሰኞ ማለዳ የሚሠራ ትንሽ የቀለም ሥራ አለ።

ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉም በሳሎኑ ተሰበሰቡ። ሶፋው ለባለቤቱ ተመልሷል፤ የለቅሶ ቤት ነውና በምትኩ ረጅም አግዳሚ ወንበር በግድግዳው ጥግ ተደርድሯል። ይሄነው፣ ውብአየሁና ሀይማኖት በአንዱ ወንበር ጎን ለጎን ተቀመጡ። አበረ ከጥሊሊ መጥቶ ከደጉ ጋር በማዶ ነው። አዛዡ ሰዓቱን እያየ በሩ ላይ ቆሟል። ዋጋዬን ደሴ ክንዷን ይዞ ከፊታቸው አቆማት። እህተማርያም አንገቷን ነቀነቀችላት።

ዋጋዬ በአዊኛ አንድ ነገር ተናገረች፤ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ ሰላምታ እንደሚሰጥ ሰው።

ይሄነው ዞሮ ግድግዳውን አየ። ሀይማኖት ግራ ገብቷት የዋጋዬን አፍ ታያለች። ውብአየሁ ግን ጥቁር ነጠላዋን ከኋላዋ ሰብሰብ አድርጋ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«ምን አለች?» ስትል እህተማርያም ውብአየሁን ጠየቀቻት።

«እኔ ምን አውቄ?»

«ታዲያ ነጠላሽን ለምን ሰበሰብሽ? ‹ግድግዳው እርጥብ ነው፤ ነጠላሽን ቀለም ነካው› ነው ያለችሽ። ደጉ ዛሬ ማለዳ ከጀርባችሁ ያለውን በዘይት ቀለም ቀብቶታል። ሀይማኖት አልሰማችም፤ ነጠላዋ ይኸው ተበላሽቷል። አንቺ ሰማሽ።»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ፤ የውብአየሁ ደግሞ ጆሮዋ ነው ያመለጣት። ይሄነው ሚስቱን እንደ ባዕድ አያት።

እህተማርያም ነገሩን ከሥሩ ጀመረች። «የጓዳው ምርግ በበሩ አጠገብ ብቻ ተሰንጥቋል፤ እሳቱ የነደደው እዚያ ነው። ዋጋዬ ምድጃ ስታስገባ ራስጌ ነው የምታስቀምጥ፤ ይህን ወይዘሮ ውብአየሁ ራሷ ‹የወትሮ ቦታው› ብላለች። ይህኛው ምድጃ ግን ከበሩ ወደ ውስጥ ተገፍቶ ቀርቷል። ወደ ራስጌ ለመሄድ እርጥቡን ግድግዳ እየታከኩ ማለፍ አለ፤ በነጭ ቀሚስ ገዢ ለምትጠብቅ ሴት አይመችም። ደጉ ሦስት ሰዓት ላይ እሳት አልነበረም ብሏል፤ አራት ሰዓት ላይ በሩን ቡፌ ዘግቶታል። ስለዚህ በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ ነው።»

«ዋጋዬስ በዚያ ሰዓት ልትገባ አትችልም?» አለ አዛዡ።

«ትችላለች። ግን ለምን? አሁን ይህን ስሙኝ። ይሄነውም ሀይማኖትም እናታቸው ለሽያጩ እሺ እንዳሉ ያምኑ ነበር። እሺ ያለች ሴት ለምን ትገደላለች? ሰኞ በገዛ ጣቷ ልትፈርምላቸው! አሮጊቷ እምቢ ሊሉ፣ ገዢው ፊት ሊጮኹ ማሰባቸውን የተናገሩት ዓርብ ዕለት ነው፤ ለዋጋዬ፣ በአዊኛ፣ ውብአየሁና ሀይማኖት፣ እናንተ ሁለታችሁ በተቀመጣችሁበት። ከሁለታችሁ አንዳችሁ ሰምታለች። ዓርብ ማታ ደግሞ በሩ በቡፌ ይዘጋ ያለችው ማን ናት? ጠዋትስ ዋጋዬን በወንበር አሳብባ ከቤት ያራቀቻት? አልጋ ላይ የዋለች ሴት ከሞተች ድርሻዋ ለልጆቿ ያልፋል፤ አሻራም አያስፈልግ።»

ውብአየሁ መናገር ስትጀምር ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም።

«ቡሬ ስገባ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ለሠራተኛነት ነው የወሰዱኝ። አዊኛ በተናገርኩ ቁጥር አፌን በማማሰያ ይመቱኝ ነበር። ተውኩት። ለባሌ የዚያ ቤት ልጅ ነኝ አልኩት። እዚህ ስመጣ አማቴ ከልጇ ጋር በፊቴ ምን ትለኝ እንደነበር ታውቃላችሁ? ባዶ ቀፎ። ስላልወለድኩ። ፈገግ እያለች፣ እንጀራ እያጎረሰችኝ፣ ባዶ ቀፎ። አሥራ አንድ ዓመት እኔም ፈገግ አልኩላት። በሽያጩ ብር የምንገዛውን የባሕር ዳር ቤት እንድናይ አንድ ሰኞ ቀረኝ፤ አንድ ሰኞ! እጮሃለሁ አለች።»

«ስትጣራስ ‹ዝም በይ› ብለሽ የመለስሽላት አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። ስትሰማኝ ደነገጠች መሰለኝ፤ ዝም አለች።»

አዛዡ ዋጋዬን እንዲለቋት በእጁ አመለከተ፤ ዓይኗን ግን አላየም። ነገሩ ያለቀ መስሎት ኮፍያውን ሲያደርግ እህተማርያም ወደ አበረ ዞረች፤ የሰማውን ጥሪ እንደገና እንዲደግምላት ጠየቀችው። ድንች ነጋዴው ተሳቀቀ፤ ግን ደገመው። የሟቿ ቃል በዚያ በሚያብለጨልጭ ሳሎን ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ ተሰማ።

«ምን ማለት ነው?» አለች ሀይማኖት። «የእናቴ ቃል ነው፤ ንገሩኝ።»

ዋጋዬ መለሰችላት። «‹ልጄ፣ እሳቱን አውጣልኝ› ነው።»

እህተማርያም ወደ ይሄነው ዞረች። «አቶ አበረ አዊኛ አያውቅም፤ ጥጃ እየጠሩ ነው ሲባል አመነ። አንተ ግን ታውቃለህ።»

«አልሰማሁም» አለ ይሄነው። «ግድግዳው ወፍራም ነው።»

«አጠገብህ የቆመው ሰውዬ ቃል በቃል ሰምቶታል። ስንት ጊዜ ጠሩህ?»

«ሦስት ጊዜ» አለ። ያለውን ራሱ ሲሰማ አፉን በእጁ ያዘ፤ ግን መሽቶበታል። «ሰውየው እሺ ሊል ነበር። ቡፌውን ባነሳው ሁሉ ነገር ይበላሻል። አሥር ደቂቃ ብትታገስ ብዬ ነው። ዝም ስትል የተኛች መሰለኝ።»

ሀይማኖት ከአጠገቡ ተነስታ ዋጋዬ እግር ሥር መሬት ላይ ተቀመጠች። አበረ ኮቱን አንስቶ ማንንም ሳይሰናበት ወጣ።

ደሴ ይዞት የመጣው ካቴና አንድ ብቻ ነው። እህተማርያም አንዱን አንጓ የባልየው፣ ሌላውን የሚስትየው እጅ ላይ እንዲያስገባው አዘዘችው። በድንኳኑ መካከል፣ በለቀስተኛው ፊት ሲያልፉ ሰው ሁሉ ተነስቶ ቆመ። የሚያለቅስ አልነበረም። ባልና ሚስት ጎን ለጎን እየተጎተቱ በዝግታ መነጋገር ጀመሩ፤ በአዊኛ፣ ከተጋቡ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ።

እህተማርያም ዋጋዬን ክንዷን ያዘቻት። «ምን ይባባላሉ?»

ዋጋዬ ትንሽ አዳመጠች።

«‹ለምን አስገባሽው?› ይላታል። ‹ለምን አላወጣኸውም?› ትለዋለች። ሌላ ነገር አይሉም፤ ያንኑ ነው የሚደጋግሙት።»